ልጄን እረኛ አላደረግሁትም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቦ ይቆጣ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ መንገድ ላይ አስቆመኝና «አንተ የሒሳብ መምህር ሆነህ ልጅህን እረኛ ታደርገው?» አለኝ። ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ከኅዳር ጀምሮ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የገና ጨዋታ መጫወቱ ነው። የእኔ ጥፋት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ዳር ቆሜ ማየቴ። ያኔ ሳቅ ብዬ አለፍኩ። ቤት ስገባ ግን አናደደኝ። መልሱን እዚህ ልስጠው፤ እሱም ያነበዋል።

መጀመሪያ ነገር፣ እረኛ ስድብ አይደለም። እዚህ ትክል ድንጋይ ውስጥ ከምንኖረው ጎልማሶች ከብት ሳይጠብቅ ያደገ ስንት አለ? እኔም ጠብቄአለሁ፣ አንተም ጠብቀሃል ወንድሜ። ገናን የተማርነውም እዚያው ነው። አዝመራው ሲሰበሰብና ማሳው ባዶ ሲሆን ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ቆርጠን፣ ከእንጨት ጠርበን ጥንግ ሠርተን፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተባብለን እስኪመሽ ስንራወጥ አልነበረም? ዛሬ ክራቫት ስላሰርን ረሳነው?

አሁን የልጄን ጉዳይ ልንገራችሁ። በኅዳር መጀመሪያ አያቱ ዘንድ ሄዶ የወይራ ዱላ ይዞ መጣ። ማታ ማታ በእሳት እያሞቀ ጫፉን ሲያቃና፣ በስብርባሪ ጠርሙስ ሲልግ አየሁት። ይህ ልጅ እቤት ውስጥ «እሺ» እና «እምቢ» ከማለት ውጭ አፉን የማይከፍት ልጅ ነው፤ የጎረምሳ አባት የሆነ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን «አባዬ፣ የአንተ ዱላ ከምን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ከስልክ ሌላ የምናወራበት ነገር አገኘን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልጠራ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ አላቆምኩም።

«ፈተና እያለ ጨዋታ ምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። ጥሩ፤ በቁጥር እንነጋገር፤ ቁጥር ሥራዬ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። እስቲ ንገሩኝ፣ ከመቶው ዘጠና ምናምኑን የጣላቸው የገና ዱላ ነው? መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ፣ በሰላም እጦት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበት ልጅ፣ ከታች ክፍል ጀምሮ ማንበብ ሳይችል ሲገፋ የመጣ ልጅ ነው የወደቀው። እኛ ግን ይህን ሁሉ ማስተካከል ሲያቅተን የምንነጥቀው የቅዳሜ ጨዋታውን ነው። እሱ ይቀላላ!

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ መናዘዝ አለብኝ። ታስታውሳላችሁ አይደል? የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ፣ እናንተ ሱሪ ቀይራችሁ ለመውጣት ስትንጫጩ፣ እኔ ጠመኔዬን ይዤ ገብቼ «ተቀመጡ፣ ዛሬ የሒሳብ ማካካሻ ነው» እል ነበር። የስፖርት መምህሩም ደስ እያለው ይለቅልኝ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ። ጎበዝ መምህር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሌባ ነበርኩ። የእናንተን ጊዜ ነው የሰረቅኩት። ሎጋሪዝሙንም በቅጡ አልያዛችሁትም፣ ሩጫውም ቀረባችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚህ ዓመት አራተኛው ጨዋታ ላይ ነው። ሁለት ክፍሎች ይጋጠማሉ፣ ልጄ ጥንጓን እየገፋ ሲሄድ የሌላው ክፍል ልጅ የሰነዘረው ዱላ ስቶ እግሩን አገኘው። ቷ! ሲል ሜዳ ዳር ድረስ ተሰማ። ልጄ ወደቀ። ሁሉም ዝም አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደሜ ፈላ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ መምህር ነኝ፣ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ሜዳው ገብቼ ነበር፤ ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ተነሣ። ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የመታው ልጅ ፊቱ አመድ መስሎ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ልጄ እያነከሰ ሄዶ ትከሻውን ያዘና «ተው እንጂ፣ ገና እኮ ነው» አለው። ሁለቱም ሳቁ፤ ጨዋታው ቀጠለ። እኔ የገባሁትን ሁለት እርምጃ ተመልሼ ወጣሁ። አፈርኩ።

እንግዲህ እናንተ ንገሩኝ፣ ይህን የትኛው ክፍለ ጊዜ ያስተምራል? በእኛ አገር፣ በአርማጭሆ፣ አንድ የተሰነዘረ ዱላ ስንት ዓመት እንደሚያስከፍል ሁላችንም እናውቃለን። በድንበር የተነሣ ጠብ ለልጅ ልጅ ደም ሆኖ ይተርፋል፤ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲመላለስ እግሩ ይነቃል። ለወንድ ልጅ ገና በልጅነቱ የምንነግረው «ተመትተህ እንዳትመጣ» እያልን ነው። ይህ ጨዋታ ግን በተቃራኒው ያስተምራል። ዱላ በእጅህ እያለ አለመማታትን፣ ተመትተህ አለመበቀልን። አባቶቻችን በገና ዕለት ጌታው በሎሌው ቢሰደብ፣ በዱላ ቢነካ እንኳ አይቆጣም ያሉት ለቀልድ አይደለም። በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን ትልቁ ሰው ራሱን እንዲገታ ሲያለማምዱት ነው። ጥንት የገባቸውን እኛ ዲግሪ ይዘን አልገባንም።

«ጉዳት አለው» ለሚሉ፣ አዎ አለው። እግር ያሳብጣል፣ ጥርስም ሊያወልቅ ይችላል። እናቱም ሌሊት በሞቀ ውሃ እግሩን እያሸች እኔን ስትረግመኝ ነው ያደረችው። ስለዚህ ነው እኮ ትልቅ ሰው ይኑር የምለው! ልጆቹ ራሳቸው ዱላ ከወገብ በላይ አይነሣም ብለው ተስማምተዋል። ደንቡን የሚያስከብር ዳኛ፣ ፋሻና ንጹሕ ውሃ የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ግማሹ ጉዳት ይቀራል። አደጋ አለው ብለን ሸሽተን ከሄድን በኋላ ተጎዱ ብለን መውቀስ ግን ነውር ነው።

በመጨረሻው ጨዋታ ላይ የቆምነውን ወላጆች ቆጠርኩ። ሦስት። ሦስት ሰው! ከሜዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ኳስ ማሳያ ቤት ግን በር ላይ ሳይቀር ተቆሞ ነበር። የማንቸስተርን ተከላካይ ስም ከነቁጥሩ የሚያውቅ አባት፣ ልጁ የሚጫወትበትን ቦታ አያውቅም። ልጁ ቤቲንግ ሲቆርጥ ዝም ያለ ሰው፣ ዱላ ይዞ ሜዳ ሲወጣ «ዱርዬ ሆነ» ይላል። የቱ ነው ዱርዬነት?

አሜሪካ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ይህን ስነግራት የልጇን ቪዲዮ ላከችልኝ። ልጅቷ ሃይስኩል ውስጥ ላክሮስ የሚባል ጨዋታ ትጫወታለች፤ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡ ወደ ጎል የሚወረውሩት ነው። እናትየው የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ እንቅልፏን ትታ፣ ሁለት ሰዓት ነድታ ትሄዳለች። «ቲቸር፣ ካልሄድኩ ልጄን መቼ አያታለሁ?» አለችኝ። ስለ ጨዋታው አነበብኩ። ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የመጣ ነው። ሆዴኖሾኒ የሚባሉት ሕዝቦች ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ሻምፒዮና ላይ በራሳቸው ስም ይሰለፋሉ። በ2028 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ላይም ጨዋታው አለ። የአያቶቻቸውን ዱላ አልጣሉም። ማንም መጥቶ እስኪያከብርላቸውም አልጠበቁም፤ መጀመሪያ ራሳቸው አከበሩት። እኛ የራሳችንን ገና «የእረኛ» ብለን በበዓል ቀን ለፎቶ ብቻ እናወጣዋለን።

ልጄ በዚህ ሜዲያ አያገኝም፣ ቪላ አይሠራም፤ አውቃለሁ። እንዲያውም «እንደ ኃይሌ ይሆንልናል» ብሎ ልጁን የሚያስጨንቅ ወላጅና «ዋጋ የለውም» ብሎ የሚከለክል ወላጅ ለእኔ አንድ ናቸው። ሁለቱም ልጁን ሳይሆን ገንዘቡን ነው የሚያዩት። ቤታችን ውስጥ ደንብ አለን፤ የቤት ሥራ ካልተሠራ ቅዳሜ ሜዳ የለም። እስካሁን አንድ ቅዳሜ አልቀረበትም።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው። መምህራን፣ የሰውነት ማጎልመሻን ክፍለ ጊዜ አትንኩ፤ እኔ ነክቼ አልጠቀመኝም። ርእሰ መምህራን፣ የነገውን ጨዋታ በሰልፍ ላይና በሚኒ ሚዲያ አስነግሩ፤ ፊሽካና ፋሻ ብዙ በጀት አይፈልግም። የስምንተኛ ክፍሏ ልጄ «እኛ ሴቶቹስ መቼ ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም፤ ከእናንተ ጋር ሆኜ ልመልስላት።

ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ ኑ። ምንም አታድርጉ፣ አትምከሩ፣ አትጩኹ፤ ዝም ብላችሁ ቁሙ። የከተማችን ስም ትክል ድንጋይ አይደል? ቅዳሜ ጠዋት እንደ ስማችን ሜዳው ዳር ተተክለን እንቆይ። ባልደረባዬ፣ አንተም ና። ዱላ አበድርሃለሁ፤ ያልረሳኸው ይመስለኛል።

ሰላም እደሩ።