ካታንጋ ፎቶ የላትም

የዚህን ሳምንት ንዴቴን ያመጣው ግድግዳ ነው። ቦሌ አካባቢ የተከፈተ አንድ ካፌ ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ሞልቶ፣ ከላይ «የድሮዋ አዲስ አበባ» ብሎ ጽፎበታል። ጣይቱ ሆቴል አለ። ሲኒማ ኢትዮጵያ አለ። ለገሃር ከነአንበሳው አለ። ጸጉራቸውን አፍሮ ያደረጉ፣ ሚኒ የለበሱ ሴቶች ቸርችል ጎዳናን እየሳቁ ሲወርዱ አሉ። ከሥራቸው የተቀመጡት ልጆች «ውይ፣ መኖርስ ያኔ ነበር!» ይባባላሉ። ደርግን ያዩት በፊልም ነው፤ ናፍቆቱ ግን ከኔ ይብሳል።

አስተናጋጁን ጠራሁና «ስታዲየሙስ የት አለ?» አልኩት።

«ጨዋታ ሊያዩ ነው ጋሼ? ላይኛው ፎቅ ስክሪን አለን፤ ዛሬ አርሴናል አለ» አለኝ።

የዚህ ዓምድ የቆዩ ደንበኞች «ደግሞ ጀመረው» ማለታችሁ አይቀርም። ጀምሬዋለሁ።

ናፍቆታችን የሕንፃ ናፍቆት ሆኗል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያ ሜዳ ሲሆን፣ ስልኩን አውጥቶ ያልቀረጸ ሰው አላየሁም። ጣሊያን የሠራው በረንዳና የእንጨት ደረጃ ያሳዝናል፣ እኔንም ያሳዝነኛል። ያኔ ከለቀስተኛው መሀል ግን ዶሮ ማነቂያ ገብቶ ጥብስ በልቶ የሚያውቀው ስንቱ ይሆን? የከተማው ሰው መጀመሪያ የመጣለትን ሲኒማ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የሸሸው። የልጅ ልጆቹ ዛሬ የሲኒማ ፎቶ ፍሬም አስገብተው ከሥሩ ማኪያቶ ይጠጣሉ። ፎቶ የሚያምርለት ሁሉ ይናፈቃል፤ የማያምርለት ይረሳል። ካታንጋ አታምርም።

ለማታውቋት ልጆች፦ ካታንጋ የአዲስ አበባ ስታዲየም የድሃው ወገን ናት። ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ እያለ ከተማው በኪሱ ልክ ይደለደላል። ጥላ ፎቅ ያለው ሰውዬ ካራቫት አስሮ ያጨበጭባል፤ ካታንጋ ያለው ፀሐይ አናቱን እየበሳው ዳኛውን ከነዘር ማንዘሩ ያወርደዋል። እህቶቻችን ወደዚያ ዝር አይሉም ነበር፤ ስድቡን ስለማውቀው አልፈርድባቸውም።

እኛ የሰፈር ልጆች የምንገባው በሰው ልጅነት ነው። በር ላይ ትኬት የያዘ አዋቂ እንመርጥና «ጋሼ፣ ልጄ ነው ይበሉኝ» እንላለን። እሺ ካለ እጁን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ ጨዋ ልጅ መስለን እናልፋለን። በአንድ ቅዳሜ ሁለት አባት የቀየርኩበት ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያውን ፖሊስ አላመነውም።

ከውስጥ ሲሚንቶው ስለሚፋጅ መቀመጫ ይሸጣል፤ የካርቶን ቁራጭ፣ ወይም የታጠፈ ጋዜጣ። ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ የራሴን ዓምድ ገዝቼ ተቀምጬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንባቢ ቁጥር ሲወራ ዝም እላለሁ።

ከሁሉ የምወደው ኦቾሎኒ ሻጩን ነበር። ታች ቆሞ ስድስተኛ ረድፍ ላይ እጁን ላወጣ ሰው በወረቀት የተጠቀለለውን ይወረውርለታል። አይስትም። ሳንቲሙ ከማያውቀው ሰው እጅ ወደማያውቀው ሰው እጅ እየተቀባበለ ይወርዳል፣ መልሱም እንደዚያው ይወጣል። አንዳንዴ ስሙኒ ይጎድላል፤ ያኔ ረድፉ በሙሉ ተጠርጣሪ ነው፣ ኳሱም ለጊዜው ይረሳል።

«ከቤትህ ቁጭ ብለህ በስክሪን ማየት ስትችል?» የሚሉኝ አሉ። ሠርግም እኮ በቪዲዮ ይታያል።

ስታዲየም የመግባቱ ነገር አስቀድሞ ሲዳከም ቆይቶ የ2012ቱን የሊግ ውድድር ኮሮና ሰረዘው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ ዲኤስቲቪ ላይ ወጣ፣ ክለቦቹም አንድ ከተማ ላይ እየተሰበሰቡ መጫወት ያዙ። ስታዲየሙ ደግሞ እድሳት ተብሎ ተዘጋ። በ1928 የተመሠረተው ጊዮርጊስና ቡና የሸገር ደርቢን ከሸገር ውጪ ሲጫወቱ አየን። ጥራቱ ጥሩ ነው አሉ። ካሜራው ሲዞር ግን ባዶ ሲሚንቶ እየታየ፣ ተጫዋቾቹ ሲጠራሩ ድምፃቸው ይሰማል። ካታንጋ ብትኖር ማን ይሰማቸው ነበር?

ድሮ ደግሞ የቡድኖቹ ስም ራሱ የአገሪቱን የሥራ ዝርዝር ይነግርሃል። ምድር ባቡር፣ ጥጥ ማኅበር፣ እርሻ ሰብል፣ ኦሜድላ፣ መቻል፣ መብራት ኃይል። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ አራት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 እዚሁ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አምበል የነበረው ሉቻኖ ቫሳሎ ለጥጥ ማኅበር የተጫወተ ሰው ነው። ድሬዳዋ በሄድኩ ቁጥር ስለ ቡድኑ የባጃጅ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ። ትልልቆቹ ባጃጁን አቁመው ያወሩልኛል፤ ወጣቶቹ «ጥጥ?» ይሉኛል።

«የመሥሪያ ቤት ቡድን ዘመኑ አልፏል» የሚል እንዳይመጣብኝ። መብራት ኃይል ሊጉ በአዲስ መልክ በጀመረበት በ1990 ሻምፒዮን ነበር። ከሊጉ ጠፍቶ የቆየው ንግድ ባንክ ተመልሶ በ2016 ዋንጫውን በላ፤ በ2017 ደግሞ መድን። ቡድኖቹማ አሉ። የጠፋው «የኛ» የሚላቸው ሰው ነው። የሰፈሬን ልጆች አንድ የመድን ተጫዋች ጥሩልኝ ብላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ፤ የአርሴናልን ተቀያሪ በረኛ ግን ጉዳቱ ምን ላይ እንደሆነ ሳይቀር ይነግሩኛል።

ጨዋታው ሲያልቅ በእግር ወደ ፒያሳ ሽቅብ ነበር። በ1980 ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፈን የሴካፋን ዋንጫ የበላን ዕለት ቸርችል ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ሰው ነበር፤ አንድ ጫማዬ የቀረው እዚያ ነው። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ የምንቆመው ካሴት ቤት በር ላይ ነው። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ማስተር ሳውንድ የሚሉት ስሞች በካሴት ሽፋን ላይ እንደ ማዕረግ ይነበቡ ነበር። ባለሱቁ እንደማንገዛ እያወቀ «አዲሱን አሰማን» ስንለው አንደኛውን ገጽ እስከ መጨረሻው ይለቅልናል፤ እሱ የሚፈልገው በሩ ላይ ሰው እንዲታይ ነው። ተቃራኒው ሱቅ ይናደድና የራሱን ስፒከር ይጨምራል። መሀል ላይ የቆመ ሰው ጥላሁንን በግራ ጆሮው፣ አስቴርን በቀኙ ይሰማል። ሳይከፍል። ብቻውንም አይደለም፤ እዚያው የቆመ የማያውቀው ሰው «ይሄኛው ይበልጣል» ብሎ ይከራከረዋል። ዛሬ ዘፈኑ ሁሉ ስልኬ ውስጥ አለ፣ የሚከራከረኝ ግን የለም።

የካፌው ግድግዳ ላይ ይህን የሚያሳይ ፎቶ አይገኝም፤ ማን ፊልም ያቃጥልበታል?

አሁን የስታዲየሙ ነገር ሁሉ መስፈርት ሆኗል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመልካች ሁሉ የየራሱ ወንበር ይኑረው ይላል። ይኑረው፤ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ካታንጋ ላይ ወንበር ይደርደር፣ ቁጥርም ይጻፍበት፤ በቁጥሩ የሚቀመጥ እንደሆነ አይገኝም። ትኬቱን ብቻ አታስወድዱብን። ኦቾሎኒ ሻጩንም ደንብ አስከባሪ በር ላይ እንዳያባርረው አደራ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ በቴሌብር ክፈሉኝ እንዳይል ምከሩልኝ፤ ስሙኒዋን የሚያስቀር ሰው ያስፈልገናል።