የሕዝብ ጤንነትና የሕዝብ ድምፅ

በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ለመቀመጥ የታደለ ሰው ሁለት ዓይነት ክብር ይቀርብለታል። አንደኛው በሸንጎ መካከል ቆሞ ያማረ ንግግር በመናገር የሚገኘው ነው፤ ይህ በዕለቱ ተጨብጭቦለት በማግሥቱ ይረሳል። ሁለተኛው ግን በድኻ ቤት ገብቶ ሕመምተኛውን ከአልጋው የሚያነሣ፥ ድምፅ ያልነበረውንም ባለ ድምፅ የሚያደርግ ሕግ በትዕግሥት አርቅቆ በማስወሰን የሚገኘው ነው። የፊተኛውን የሚሹት ብዙዎች ሲሆኑ፥ የኋለኛውን የሚከተሉት በየአገሩ ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህም ጥቂቶች አንዱ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ተመርጠው እስከ ሞቱበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የማሳቹሴትስን ግዛት ወክለው ያገለገሉት ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ናቸው። ከዚህ በታች የሚነሡትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእኒህን ሰው ሥራ የሚመረምር ሁሉ በሁለት ክፍል ሲከፍለው ይታያል፤ ይኸውም አንዱን ስለ ሕዝብ ጤና፥ ሌላውን ስለ ሕዝብ የምርጫ መብት አድርጎ ነው። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሁለቱ ከአንድ ሥር የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። በምርጫ ቀን የማይቈጠር ሰው፥ የመንግሥት ገንዘብ በሚደለደልበት ቀን ሕመሙም አይቈጠርለትምና።

ስለ ሕክምና ያላቸው አሳብ የመነጨው ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በ1964 የተሳፈሩበት አይሮፕላን ወድቆ የጀርባቸው አጥንት ስለ ተሰበረ ብዙ ወራት በአልጋ ላይ ተኝተው ነበር። ደግሞም በ1973 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው በአጥንት ነቀርሳ ታሞ እግሩ ከተቈረጠ በኋላ፥ ረዥም ጊዜ የሚወስድ መድኃኒት ሲሰጠው አብረው ይቀመጡ ነበር። በዚያው ሐኪም ቤት የነበሩ ሌሎች ወላጆች ግን ገንዘባቸው አልቆ፥ ልጆቻቸው የታዘዘላቸውን መድኃኒት እኩሌታውን ብቻ ቢወስዱ የመዳን ተስፋቸው ምን ያህል እንደሚቀንስ ሐኪሞቹን ሲጠይቁ ሰሙ። የምክር ቤቱ አባል ልጅ በአባቱ መድን ሙሉውን ሲታከም፥ የሠራተኛው ልጅ በግማሽ መድኃኒት መቅረቱ ከፍርድ ጋራ የማይስማማ ነገር መሆኑን ሴናተሩ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ሲናገሩት ኖሩ። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ቍስል በማሰር ብቻ አልተወውም፤ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወስዶ ወጪውን ከፈለለት፥ ለሚጨመረውም ዋስ ሆነለት። የሕክምና ነገር ከወጪው ነገር ተለይቶ ሊታይ አለመቻሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

ስለ ምርጫ መብት የታገሉት ደግሞ ገና በምክር ቤቱ አዲስ ሳሉ ነው። በ1965 የጥቍር አሜሪካውያንን የመምረጥ መብት የሚጠብቀው ታላቅ ሕግ በቀረበ ጊዜ፥ በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ሰው ድምፅ ለመስጠት አስቀድሞ ግብር እንዲከፍል ይገደድ ነበር። ይህ ግብር ለፌዴራል መንግሥት ምርጫ በ1964 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቢከለከልም በየግዛቱ ምርጫ ግን ገና አልቀረም ነበር። ሴናተር ኬኔዲም ፈጽሞ እንዲሻር አሳብ አቅርበው በ49 ድምፅ ተቃውሞ በ45 ድጋፍ ተሸነፉ። ሆኖም ዓመት ያህል ሳይቈይ በ1966 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንኑ ግብር ከሕገ መንግሥቱ ጋራ የማይስማማ ነው ብሎ ሻረው። በሸንጎ የተሸነፈ እውነት ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በ1970 ደግሞ፥ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ወደ ቬትናም ጦርነት የሚላክ ወጣት ሃያ አንድ ዓመት ካልሞላው አይመርጥም መባሉ ቅን ፍርድ አይደለም በማለት፥ ከሴናተር ማንስፊልድና ከሴናተር ማግነሰን ጋራ ሆነው የመምረጫው ዕድሜ ወደ አሥራ ስምንት ዝቅ እንዲል አስወሰኑ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ለፌዴራሉ ምርጫ ብቻ ስለ ወሰነው፥ በ1971 ሃያ ስድስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ጸድቆ ለሁሉ እንዲሆን ተደረገ። በ1974 ከሪፑብሊካኑ ከሴናተር ሂው ስኮት ጋራ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ እንዲሰጥ ተከራክረው አሳቡ በሕግ ገባ። ለመመረጥ ከባለጸጎች ደጅ የሚጠና ሰው፥ ከተመረጠ በኋላ የድኻውን ጩኸት ለመስማት ጆሮው ይከብዳልና።

እነዚህ ሁለት መንገዶች በግልጥ የተገናኙበት ስፍራ በቦስተን ከተማ ኮሎምቢያ ፖይንት የተባለው የድኾች ሰፈር ነው። በዚያ ዶክተር ጃክ ጋይገርና ዶክተር ካውንት ጊብሰን በ1965 አንድ ጤና ጣቢያ አቋቁመው፥ ቀድሞ ሐኪም ለማግኘት ሩቅ መንገድ ይጓዝ የነበረው ሕዝብ በሰፈሩ መታከም ዠመረ። ሴናተሩ በ1966 ሄደው ይህን ካዩ በኋላ ወደ ምክር ቤት ተመልሰው፥ የዚህ ዓይነት ጣቢያዎች በሌሎችም ስፍራዎች የሚቋቋሙበት ገንዘብ በሕግ እንዲመደብ አደረጉ። ዛሬ እነዚህ ጣቢያዎች በዚያች አገር በከተማም በገጠርም ተስፋፍተው በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ያክማሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ግን፥ ጣቢያውን ከሚመሩት የቦርድ አባሎች ከግማሽ የሚበልጡት እዚያው የሚታከሙ ሰዎች እንዲሆኑ ሕጉ ማዘዙ ነው። ሕመምተኛው መድኃኒት ተቀባይ ብቻ ሳይሆን መካሪና ወሳኝ ሆነ ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ የእኒህ ሰው ታሪክ የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሕክምና መድን እንዲገዙ የሚያስገድድ አሳብ ባቀረቡ ጊዜ፥ ሴናተሩ ሁሉን ሕዝብ በአንድ የመንግሥት መድን ሥር የሚያስገባ ሙሉ ሕግ ይሻላል በማለት አልተቀበሉትም። በ1974 ከእንደራሴው ከዊልበር ሚልስ ጋራ መካከለኛ አሳብ ቢያቀርቡም የሠራተኞች ማኅበራት ስላልደገፉት ሳይፈጸም ቀረ። ሙሉው እንጀራ ሳይጋገር፥ የተቈረሰውም ከእጅ ወጣ። የኒክሰንን አሳብ አለመቀበላቸውን በኋለኛው ዘመናቸው እንደ ታላቅ ስሕተት ይቈጥሩት ነበር።

በዚያው በ1971 ግን ሌላ ዓይነት ጥበብ አሳይተው ነበር። ነቀርሳን ለመመርመር ብዙ ገንዘብ የሚመድበውን ሕግ ከሴናተር ጃቪትስ ጋራ ያቀረቡት እርሳቸው ሲሆኑ፥ ፕሬዚዳንቱ የኬኔዲ ስም ያለበትን ሕግ ለመፈረም እንደማይወዱ በታወቀ ጊዜ፥ ጽሑፉ በሪፑብሊካኑ በሴናተር ፒተር ዶሚኒክ ስም እንዲያልፍ ፈቀዱ፤ ሕጉም ጸና። ስሙን ያጣ ሰው ሥራውን አገኘ።

ከዚህም ወዲያ የሄዱበት መንገድ፥ ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ሆነ። በ1990 ከዩታው ሴናተር ከኦሪን ሐች ጋራ በኤድስ ለታመሙት ርዳታ የሚሰጥ ሕግ አስወሰኑ። በ1996 ከካንሳሷ ሴናተር ከናንሲ ካሰባም ጋራ፥ ሥራውን የሚለውጥ ሠራተኛ ቀድሞ ታሞ ነበር በሚል ምክንያት በቀላሉ መድን እንዳይከለከል የሚያደርግ ሕግ ጸደቀ። በ1997 ዳግመኛ ከሴናተር ሐች ጋራ፥ በሲጋራ ላይ ከሚጨመር ቀረጥ ወጪው እንዲሸፈን ተደርጎ፥ ወላጆቻቸው መድን ለመግዛት ለማይችሉ ሕፃናት የሕክምና መድን ተቋቋመ። እነዚህ አጋሮች ሁሉ ከተቃራኒው ወገን የሆኑ ሰዎች መሆናቸው ሊታሰብ ይገባል።

ይህን አካሄድ የሚነቅፉ አልታጡም። የተቀደደውን ልብስ በየጊዜው መጣፍ አዲሱ ልብስ እንዳይሰፋ ያዘገያል ይላሉ። ነቀፋው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ሴናተሩ በሞቱበት በ2009 በዚያች ባለጸጋ አገር ከአርባ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ መድን አልነበረውምና። ነገር ግን የታመመ ሕፃን ትኵሳት ፍጹሙ ሕግ እስኪጻፍ ድረስ አይጠብቅም። ጥበበኛ መካሪ የሚባለው ሙሉውን ሳይረሳ ዛሬ የሚገኘውን የሚይዝ፥ ዛሬ የሚገኘውንም ይዞ ሙሉውን የማይተው ነው። በሰውነታቸውም ቢሆን ነውር አልታጣባቸውም፤ በ1969 የሚነዱት መኪና ውኃ ውስጥ ገብቶ አንዲት ሴት ስትሞት ነገሩን ሳያስታውቁ ብዙ ሰዓት ዘግይተዋል፤ ከአደጋው ስፍራ ጥለው በመሄዳቸውም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። ሥራን ማመስገን ጥፋትን መሸፈን ሊሆን አይገባም።

ለኢትዮጵያም ቢሆን ስማቸው እንግዳ አይደለም። በ1984 ማለቂያ፥ ራብ በጸናበት ወራት፥ ከልጆቻቸው ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የተራቡት ሰዎች የተጠለሉበትን ስፍራ ተመልክተዋል። ከዚያም አስቀድሞ በምክር ቤቱ አቅርበውት በ1980 የተፈረመው የስደተኞች ሕግ፥ አገራቸውን ጥለው ከተሰደዱት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች በአሜሪካ መጠጊያ ያገኙበት በር ሆኗል። ያልተቈጠረውን ለመቍጠር የወጣ ሕግ ወሰን ተሻግሮም ፍሬ እንደሚያፈራ ይህ ምስክር ነው።

በ2008 በአንጎላቸው ውስጥ ዕጢ ተገኝቶባቸው ሕክምና ላይ ሳሉ፥ የሽማግሌዎችን ሕክምና የሚመለከት ሕግ በአንድ ድምፅ ጉድለት ተሰናክሎ ነበር። በሐምሌ ወር ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ምክር ቤቱ በገቡ ጊዜ አባሎቹ ሁሉ ቆመው ተቀበሏቸው፤ አስቀድመው የተቃወሙትም አንዳንዶቹ አሳባቸውን ለውጠው ነገሩ በ69 ድምፅ አለፈ። ሰፊው የሕክምና መድን ሕግ የተፈረመው ግን ከሞቱ በኋላ በመጋቢት 2010 ነው። ሙሴ ከናባው ተራራ ሆኖ ምድረ ርስትን እንዳየ፥ እርሳቸውም ከሩቅ አይተውት አለፉ።

ሆኖም የተጻፈ ሕግ ጠባቂ ካላገኘ ጸንቶ አይኖርም። ሴናተሩ ከሴናተር ማታያስ ጋራ በ1982 ለሃያ አምስት ዓመት እንዲራዘም ያደረጉት የምርጫ መብት ሕግ፥ በ2006 እንደገና ቢታደስም፥ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዋና ዋናዎቹ ክፍሎች አንዱን ሽሮበታል። እንግዲህ የሕዝብን ጕዳይ ለመምከር በማናቸውም አገር ወንበር የተሰጠው ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ትምህርት ይህ ነው። የሕዝቡን ጤና የሚሻ፥ የሕዝቡን ድምፅ አስቀድሞ ይጠብቅ፤ ሥራው እንዲፈጸም የሚወድ፥ ስሙ በሌላ ሰው ስም ቢሸፈን አይዘን፤ ሙሉውን የሚመኝ፥ እኩሌታውን አልቀበልም ከማለቱ በፊት በመካከሉ የሚሞተው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ። በሸንጎ የተነገረው ቃል ሁሉ በጊዜው ያልፋል፤ የዳነው ሕመምተኛ ግን ቆሞ ይመሰክራል።