ክንፉ ጌጥ ነውን?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እኛም ከሥሩ እንጀምር። በልዩ ልዩ አገሮች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በገዛ እጃቸው ሠርተው የሚወዳደሩባቸው ትንንሽ የእሽቅድምድም መኪናዎች አሉ። ብዙዎቹ ከፊትና ከኋላ የተንሰራፋ ክንፍ አላቸው። ሰሞኑን ሻይ ቤት ተቀምጠን የአንዷን ፎቶግራፍ ስናይ፣ ከመካከላችን አንዱ «ዶሮም ክንፍ አላት፤ መቼ በረረች?» አለና አሳቀን። ከሳቁ በኋላ ግን አፈርን። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው ያልገባውን ነገር በፌዝ ሲያልፍ ማፈር አለበት!

የፌዘኞች ክርክር ይህ ነው፦ «መንገዱ ጠመዝማዛ፣ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የነፋስ ጫና ወደ ሩብ ይወርዳል። ታዲያ ክንፉ ምን ሊፈይድ?» ስሌቱ ልክ ነው፤ ድምዳሜው ግን ስሕተት ነው።

የመኪና ክንፍ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው፤ አያነሣም፣ ወደ መሬት ይጫናል። ጎማ ሲጫኑት መንገዱን ይበልጥ ጨምድዶ ይይዛል። በአሸዋ ጆንያ እንጫነው ብንል፣ ጆንያው ራሱ በየመታጠፊያው መኪናዋን ወደ ውጭ ይገፋታል። ነፋስ ግን ይጫናል እንጂ ክብደት አይሆንም። ምሥጢሩ ይኸው ነው! ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ደግሞ ደንቡ በፈቀደው መጠን ክንፉን ያሰፉታል፤ በመካከሉ ክፍተት እየተዉ ሁለት ሦስት አድርገው ይደራርቡታል። እርግጥ ክንፍ መኪናን ወደ ኋላ ይጎትታል። ነገር ግን ቀጥታው አጭር፣ መታጠፊያው ብዙ በሆነበት መንገድ ትርፉ ከኪሳራው ይበልጣል። የሜልቦርኑ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይህን በአፍ ብቻ አልተከራከረም፤ መኪናውን እንዳለ ነፋስ በሚነፋበት መሞከሪያ ዋሻ አስገብቶ ለካ፤ ሥራውንም እ.ኤ.አ. በ2006 አሳተመ።

ፌዝ ስንቱን ሐሳብ አዘገየ! እ.ኤ.አ. በ1956 ማይክል ሜይ የተባለ ወጣት መሐንዲስ በፖርሽ መኪና ላይ የተገለበጠ ክንፍ ተክሎ ኑርበርግሪንግ ቢቀርብ፣ አዘጋጆቹ ከለከሉት። ክንፍ በፎርሙላ 1 የተስፋፋው ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ስንል ግን ክንፍ ያለውን ሁሉ እናጨብጭብለት ማለታችን አይደለም። ከፎቶግራፍ ላይ ቀድቶ የሚለጥፍም አለ። እ.ኤ.አ. በ1969 ስፔን ውስጥ የሁለት ሎተስ መኪናዎች ረጃጅም ክንፎች ተሰብረው ሁለቱም ተከሰከሱ፤ ባለሙያም ሲቸኩል እንዲህ ነው። በተማሪዎቹ ውድድር ከ1000 ነጥብ 150ው የንድፍ ነው። ዳኞቹ «ያምራል ወይ?» አይሉም። «ለምን በዚህ ማዕዘን? በምንስ አረጋገጣችሁ?» ይላሉ። «ኮምፒዩተሩ ነው ያለን» ብሎ ነገር አያዋጣም።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ለምን እዚያ እንደገባ ገጣሚው ራሱ የማያውቀው ስንት የግዕዝ ቃል በግጥሞቻችን ላይ ተለጥፏል? እኛን «ለምን?» ብሎ የሚያፋጥጠን ዳኛ ስለሌለ ብቻ በሰው ክንፍ መሳለቅ ይገባናልን? አይገባንም! «ለምን?» ሲባል መልስ የሌለው ክንፍ ጌጥ ነው፤ መልስ የሌለው ስንኝም ጌጥ ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመሳቃችን በፊት እንጠይቅ፤ ስንጠየቅም እንመልስ።