ከካሜራው ቢጠፋም
ሹመይሲ ውስጥ በአንድ የሐበሻ ሠርግ ላይ አንዲት እህት ፎቶ አንሺዋን «እባክሽ አጥፊልኝ» አለቻት። ከካሜራው ላይ ጠፋላትና እፎይ አለች። ግን ካሜራው ላይ ገመድ አልባ ማስተላለፊያ ተገጥሞ ነበር። ይህ ዕቃ ፎቶው እንደተነሳ በዋይፋይ ወደ ኮምፒውተር መላክ ይችላል፤ የተላከው ደግሞ ከካሜራው ጋር አብሮ አይጠፋም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ከመነሳታችን በፊት «ፎቶው ወዴት ይሄዳል? ማን ያየዋል?» ብለን እንጠይቅ። ነውር የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳውዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ አንቀጽ 3፣ በካሜራ ስልክ ወይም በመሰል መሣሪያ የሰውን ገመና የነካ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ወይም ሁለቱም ሊወሰንበት እንደሚችል ይደነግጋል። ዐረብኛው «ኩሉ ሸኽስ» ይላል፤ ማንኛውም ሰው ማለት ነው። ሕጉ ለእኛ ይቆማል፤ በአሠሪያችን ቤት ስልክ አውጥተን ስናነሳም እኛኑ ይይዛል።