ወፍራም ወረቀት ሁሉ የካርድ ወረቀት አይደለም

የእንቁጣጣሽ በዓል ሲቃረብ፥ የሰርግም ወራት ሲደርስ፥ በእጅ የሚሠራ የመልካም ምኞት መግለጫና የመጥሪያ ካርድ ፈላጊው እንደሚበዛ በጽሕፈት መሣሪያ ንግድ ላይ ላሉ ሁሉ የተሰወረ አይደለም። ሆኖም ገዢው «ወፍራም ወረቀት» ብሎ ሲጠይቅ፥ ሻጩም ወፍራም የመሰለውን አንሥቶ ሲሰጥ፥ ዕቃው ለሥራው ሳይስማማ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በመቶ የሚቆጠር የሰርግ መጥሪያ እጥፋቱ ላይ ቢሰነጠቅ የሚከስረው ካርድ ሠሪው ብቻ አይሆንም፤ ባለሱቁም ደንበኛውን፥ አስመጪውም ስሙን ያጣል።

ወረቀት በጣት ተዳስሶ ብቻ አይታወቅም፤ መለኪያው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። ተራው የጽሕፈት ወረቀት 80 ግራም ያህል ሲሆን፥ ታጥፎ ለሚቆም ካርድ ከ200 እስከ 300 ግራም ያለው ይመረጣል። ይህን ለማረጋገጥ ባለሱቁ ከሚዛኑ በቀር ሌላ መሣሪያ አያሻውም። 16 የኤ4 ቅጠሎች በአንድነት አንድ ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሆኑ፥ ባለ 240 ግራም የተባለው ወረቀት 100 ቅጠሉ 1 ኪሎ ተኩል ሊመዝን ይገባዋል። 1 ኪሎ ከሩብ ብቻ ከመዘነ ግን ዕቃው ባለ 200 ግራም ነውና ዋጋውም እንደዚያው መሆን አለበት።

ሁለተኛው የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት በፋብሪካ ሲሠራ ቃጫው በብዛት ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ቃጫውን ተከትሎ የታጠፈ ካርድ እጥፋቱ ንጹሕ ሲሆን፥ ቃጫውን አቋርጦ የታጠፈው ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ከወረቀቱ ትንሽ ቁራጭ አንድ ፊቱ በውሃ ቢረጥብ ይጠቀለላል፤ ጥቅልሉ የተዘረጋበትም መሥመር የቃጫው መንገድ ነው።

ሦስተኛው የፊቱ ዓይነት ነው። አንጸባራቂው ወረቀት ለማተሚያ ቤት ያማረ ቢሆንም፥ የብዕር ቀለም ቶሎ አይደርቅበትም፤ የውሃ ቀለምም በደንብ አይዝም። ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና ፀሐይ ሥለው ለሚያበረክቱት ሥዕል የሚስማማው ሻከር ያለው ነው። ለማስታወሻ ለዘመናት ለሚቀመጥ ካርድ ደግሞ ከአሲድ ነጻ የሆነው ይሻላል፤ ርካሹ የእንጨት ወረቀት ብርሃን ሲያገኘው ይበጫልና።

«ገዢው የሚጠይቀው ዋጋ ብቻ ነው» የሚሉ ነጋዴዎች አይጠፉም። ይሁን እንጂ ገዢው ዋጋ ብቻ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ሌላ የሚነግረው ሰው በማጣቱ ነው። ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ሲጽፍ ክብደቱን፥ የቃጫውን አቅጣጫና የፊቱን ዓይነት ለይቶ ይግለጽ፤ ባለሱቁም እነዚህኑ ሦስት ነገሮች በጥቅሉ ላይ ጽፎ ይለጥፍ። ወጪው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት፤ ትርፉ ግን ተመልሶ የሚመጣ ደንበኛ ነው።