ሆፕ ያለው ይደብቅ፣ የሌለው ይዘርዝር

የአሜሪካ ቢራ ጠማቂ ስለጨመረው ማጣፈጫ ጠርሙሱ ላይ ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበት የሚነግረው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አይደለም፤ በግምጃ ቤቱ ሥር ያለው የአልኮልና የትምባሆ ቀረጥና ንግድ ቢሮ ነው። ቀረጥ ሰብሳቢን ስለ ቫኒላ ምን አገባው? ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው የፌዴራል አልኮል አስተዳደር ሕግ ነው።

በሕጉ የብቅል መጠጥ የሚባለው ከገብስ ብቅልና ሆፕ ከተባለው መራራ አበባ የተጠመቀው ነው። ሌላ ነገር የሚጨምር ጠማቂ ቀመሩን አቅርቦ ያስፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢሮው ማርን፣ ቡናን፣ ድንብላልን፣ ቀረፋንና መሰል የቆዩ ቅመሞችን ከዚህ ጣጣ ነፃ አወጣ። ልዩነቱ በቫኒላ ላይ ይታያል፦ ሙሉ ፍሬው ጋን ውስጥ ቢገባ ቀመር የሚጠይቅ የለም፤ ኤክስትራክቱ ጠብ ካለ ግን ቀመሩ ይመረመራል። ጠርሙሱ ላይም «ከቫኒላ ጋር የተጠመቀ ኤል» ወይም «የተፈጥሮ ማጣፈጫ የተጨመረበት ቢራ» ዓይነት መግለጫ ይሰፍራል። እስከዚህ ድረስ ደንቡ አይከፋም።

የሚከፋው ማጣፈጫው ራሱ አልኮል ይዞ ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ፣ የአልኮል መጠኑ ከ6 በመቶ ያልበለጠ መጠጥ ከአልኮሉ እስከ 49 በመቶ የሚሆነውን ከማጣፈጫ ቢያገኝም የብቅል መጠጥነቱን አያጣም። የሎሚ ሽታ ያለው ጣፋጭ ጠርሙስ ከቢራ ጎን ተደርድሮ በቢራ ቀረጥ የሚሸጠው በዚህ በር ገብቶ ነው።

የዚህ ዓምድ የቆየ ጠብ ግን ከሌላ ጉዳይ ጋር ነው፦ የብቅል መጠጥ ሙሉ የይዘት ዝርዝር እንዲጽፍ አይገደድም። ጠማቂዎቹ «ቀመራችን ምስጢር ነው» ይላሉ። ኮካ ኮላ ይዘቱን በየጠርሙሱ ላይ ይዘረዝራል፤ ምስጢሩን ያወጣበት የለም።

ነገሩን መሳቂያ የሚያደርገው ሆፕ ነው። ሆፕ የሌለው ቢራ ከቀረጡ ቢሮ የመለያ ደንብ ወጥቶ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እጅ ይገባል፤ ያኔ እንደ ብስኩት ይዘቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በአሜሪካዋ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ያለ ሆፕ በጌሾ ብቻ የተጠመቀ ጠላ በጠርሙስ ልሽጥ ቢል ገብሱን፣ ብቅሉን፣ ጌሾውን ሁሉ መጻፍ አለበት። ከጎኑ የተደረደረው ባለማጣፈጫ ጠርሙስ ግን «ማጣፈጫ አለበት» ብሎ ይገላገላል።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ከ1.2 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ከይዘት ዝርዝር ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ወዲህ ወይን ጠጅ ይህን ነፃነት ሲያጣ ቢራ እንደያዘው ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቀረጡ ቢሮ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ካሎሪና አለርጂ የሚያስነሱ ምግቦች እንዲጻፉ ረቂቅ አቀረበ። የይዘት ዝርዝር አልጠየቀም። ረቂቁ እንዳለ ቢጸድቅ እንኳ ጠጪው ስንት ካሎሪ እንደጠጣ ያውቃል፤ ምን እንደጠጣ ግን አያውቅም።