ቢላዋ ጣትዎን ሲነካው

የበዓል ዋዜማ ነው። ዶሮዋን 12 ብልት አድርገው ለማውጣት ሲጣደፉ ቢላዋው ጣትዎን ጫር ያደርገዋል። ሽንኩርቱ እንዳያር፣ እንግዳም እንዳይደርስ እየተባለ ብዙዎቻችን ጣታችንን በጨርቅ ጠቅልለን እንቀጥላለን። ትንሿ ቁስል የምትከፋውም እንዲህ ስትዘነጋ ነው።

ጤነኛ ቆዳ አጥር ነው። ሲቆረጥ ግን በጥሬ ሥጋውም ሆነ በራሳችን ቆዳ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች መግቢያ ያገኛሉ። የአጥንት ስባሪ ሲወጋዎት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ ብዙ አይደማም፣ ጀርሙን ግን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል።

ስለዚህ ቢላዋውን ያስቀምጡ። ቁስሉን በሚወርድ የቧንቧ ውሃና በሳሙና ጥሩ አድርገው ይጠቡ። ከደማ በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳይገልጡ ይጫኑት። ከዚያ በፕላስተር ይሸፍኑት። ሥራውን ለሌላ ሰው ቢሰጡት ይመረጣል፤ ካልሆነ ጓንት ያድርጉ። ዶሮ የታጠበበት ሎሚና ጨው ቁስል አያክምም። የቡና ዱቄትና ቅቤም ቆሻሻ ይጨምሩ እንደሆን እንጂ አይጠቅሙም።

ጉዳቱ በእርስዎ ጣት ላይ ብቻ አያበቃም። መግል የያዘ ቁስል ላይ በብዛት የሚገኘው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ወደ ምግብ ሲገባና ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ሲቆይ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ምግቡ ቢሞቅም አይጠፋም። ጣቱ የመገለ ሰው ክትፎ ባይከትፍ ለቤተሰቡ ሁሉ ይበጃል።

መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ካበጠ፣ ከጠዘጠዘዎት፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ወደ ክንድ የሚወጣ ቀይ መስመር ካዩ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ጣትዎ አልታጠፍ ካለ ወይም ከደነዘዘ፣ የስኳር ሕመምም ካለብዎት ምልክቱን አይጠብቁ። ጥልቅ ወይም የቆሸሸ ቁስል ሆኖ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ 5 ዓመት ካለፈዎት ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ሥጋው ከታመመ ከብት የመጣ ከሆነና መሐሉ የጠቆረ፣ የማያምም ቁስል ከወጣብዎት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ፈጥነው ይታዩ።

ለመጪው በዓል ከበርበሬው ዕቃ ጎን አንድ እሽግ ፕላስተር ያስቀምጡ። ያኔ ጣትዎ ቢቆረጥ እንኳ ጨርቅ ፍለጋ አይሮጡም።